ወደ ገረሴ ምን ይዘን እንሂድ?

ባለፈው ሳምንት ያላነበባችሁ ብዙ አላመለጣችሁም። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሲቀላ ከተማ ውስጥ ተያዩ፣ ደነገጡ፣ ከዚያ ስምንት ወር ሙሉ ስለ ሞተር ሳይክል ብቻ አወሩ። ወንዱ እንድሪያስ ነው፤ ከመናኸሪያው ጀርባ በቆርቆሮ በተከለለች ጋራዥ ሞተር ሳይክል ይጠግናል። ሴቷ ሳባ ናት፤ ምዕራብ ዓባያ ወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆና፣ በመሥሪያ ቤቷ ሞተር ቀበሌ ለቀበሌ እየዞረች ከብት ትከትባለች። ያቺ ሞተር ቅዳሜ ቅዳሜ ትበላሻለች። ለምን ቅዳሜ ብቻ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ ሳባ አርብ አርብ አንዲት ብሎን በገዛ እጇ ታላላት ነበር። እንድሪያስም ብሎኗ በእጅ እንደምትላላ ያውቃል። ያጠብቃታል፣ ዝም ይላል፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይቀጥራታል።

አሁን ጥር 2003 ነው። ጥምቀት አልፏል፤ የሁለቱም ነገር ከብሎን አልፏል። እሁድ ሳባ እንድሪያስን ገረሴ ወስዳ ከአባቷ ከአቶ ካሱ ጋር ልታገናኘው ነው። አቶ ካሱ ሰፊ መሬት ያላቸው፣ ሰው በተጣላ ቁጥር የሚጠሩ አስታራቂ ናቸው። «ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሰውየውን ዓይኑን ልየው» ብለው በስልክ አዘዋል።

ያልተነገራቸው አንድ ነገር ነበር። እንድሪያስ የኦይታ ልጅ ነው። አቶ ኦይታ ከገረሴ ወጣ ብላ ባለች መንደር ብረት ቀጥቅጠው የሚኖሩ ሰው ናቸው። በዚያ ደጋ ገበሬና ቀጥቃጭ ገበያ ላይ ይገናኛሉ፤ ማረሻ ይሸጣል፣ መቆፈሪያ ይገዛል፣ ሰላምታም አይቀርም። ግን አንዱ የሌላውን ልጅ አያገባም፤ ገበሬውም ቀጥቃጭ ቤት ገብቶ እህል አይቀምስም። ይህን የጻፈው ሰው የለም፤ የማያውቀው ሰውም የለም። ሳባ «ለአባቴ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ» ካለች ሁለት ወር ሆኗታል።

ቅዳሜ ከሰዓት እንድሪያስ ዕቃውን ሁሉ መሬት ላይ ዘርግቶ ቁጢጥ አለ። ለመንገድ የሚያዘው ከኮርቻው ጎን የምትታሰር ትንሽ የሸራ ቦርሳ ብቻ ነው። የተዘረጋው ግን ጋሪ ይሞላል።

«ይኼ ሁሉ ነው ገረሴ የሚሄደው?» አለች ሳባ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ።

«መንገዱን ታውቂው የለ።»

«ስለማውቀው ነው የምጠይቅህ። መዶሻው ምን ያደርጋል?»

«መዶሻ ምንጊዜም ያስፈልጋል።»

«አባቴን ልትመታው ነው?»

ሳቀና መዶሻውን ወደ ግራ አስቀመጠው። በግራ በኩል የሚቀረው፣ በቀኝ በኩል የሚሄደው ይደረደር ጀመር። የካንዴላ ቁልፍ ይሂድ፣ አንድ ትርፍ ካንዴላም ይሂድ። አንድ ፒንሳ፣ አንድ ካቻቢቴ፣ ሁለት ክንድ ሽቦ፣ ለተበሳ ጎማ ማስቲሽና ቁራጭ ላስቲክ፣ መንፊያ። አስር ቁጥር ቁልፍ ይሂድ፣ አስራ ሁለትም ይሂድ። እንድሪያስ አስራ ሦስት ቁጥሩን ሲያነሳ ሳባ ከእጁ ቀማችው።

«ይቅር። በአንተ ሞተር ላይ በአስራ ሦስት የሚፈታ ነገር የለም።»

«ማን ነገረሽ?»

«አስር ወር ሙሉ እጅህን አይደል እንዴ የማየው?»

ከተናገረችው በኋላ ነው ምን እንዳለች የገባት። ፊቷ ቀላ፤ አስራ ሦስት ቁጥሩን እንደ ያዘች ወደ መናኸሪያው ዞራ የሚሄድ አውቶቡስ የምትቆጥር መሰለች። እንድሪያስ የሚመርጠውን ረስቶ ፒንሳውን ሁለት ጊዜ ወደ ቀኝ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ግራ አዛወረው።

በመጨረሻ የቀሩት ጎማ መፈልቀቂያዎች ነበሩ። ጎማ ሲበሳ ከቸርኬው ጠርዝ የሚፈለቅቁት በእነዚህ ነው፤ ሁለት መያዝ ግድ ነው። እንድሪያስ አራት አለው። ሁለቱ ከሱቅ የተገዙ፣ የሚያብረቀርቁና ቀለል ያሉ ናቸው። ሁለቱ አባቱ ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ ብረት ቀጥቅጠው የሠሯቸው ናቸው፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ጫፋቸው ላይ ሦስት ትናንሽ ጭረት ያለባቸው። ሦስቱ ጭረት የአቶ ኦይታ ምልክት ነው፤ በዚያ አገር የትም ቢታይ ማን እንደሠራው ይታወቃል።

«እነዚህ ይሂዱ» አለ እንድሪያስ ጥቁሮቹን ወደ ቀኝ እያደረገ። «አይጎብጡም።» ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ሳባም ቀና ብላ አየችው። አባቱን ይዞ መሄድ ፈልጓል፤ ግን በቦርሳ ውስጥ፣ ሰው ሳያይ። ይህ ለሳባ ወዲያው ገባት።

ያን ጊዜ አንድ የባጃጅ ሹፌር ከውጭ እየተጣራ ገባ፤ ባጃጁ መንገድ መሀል ቆማበታለች። እንድሪያስ ወጥቶ ሊገፋለት ሄደ። ሳባ ብቻዋን ቀረች። አሁን የምነግራችሁን እሱ አላየም፤ እናንተ ግን እዩ። ጥቁሮቹን ብረቶች አውጥታ በሻርፗ ጠቀለለች። በምትካቸው የሱቆቹን ከተተች። ከዚያ ከክትባት መመዝገቢያዋ ሁለት ወረቀት ቀደደች፣ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ጻፈች፣ አጠፈቻቸው፣ አንዱን መፈልቀቂያዎቹ ባሉበት ኪስ ሰክታ ቦርሳውን አሰረች። ሻርፑን አቅፋ ወደ መናኸሪያው ሮጠች።

እንድሪያስ ቦርሳውን ከመንገዱ በፊት ከፍቶ እንደሚፈትሽ እርግጠኛ ነበረች። ማንኛውም መካኒክ እንዲያ ያደርጋል ብላ ነው። እዚህ ላይ ነው የተሳሳተችው። እንድሪያስ ቦርሳ አይከፍትም፤ ያነሳዋል። አስር ዓመት ብረት ሲያነሳ ሲጥል የኖረ እጅ የጎደለውንና የተተካውን በክብደቱ ያውቃል።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቦርሳውን አነሳው፤ ቀለለው። አንድ ጊዜ ከፍ ዝቅ አደረገውና ቆመ። ቁልፎቹ አሉ፣ መንፊያው አለ። የቀለለው መፈልቀቂያው ነው። የአባቱ ብረት ወጥቶ የሱቁ ገብቷል፤ ከሳባ ሌላ ቦርሳውን የነካ ሰው የለም። «ገባኝ» አለ ለራሱ። አባቷ ቤት ያ ምልክት እንዳይታይ ነው። ወዳኛለች፣ ግን ከአባቴ ቆርጣ ነው የወደደችኝ ብሎ አሰበ። ቦርሳውን ሳይከፍት ከኮርቻው ጋር አሰረው። ላለመሄድም አሰበ። ግን ቃሉን ሰጥቷል፣ ሴትዮዋም ነጭ ቀሚስ ለብሳ ነጠላዋን አጣፍታ መንገድ ዳር ቆማ ትታያለች፤ እንዲህ ሆና የቆመችን ሴት ትቶ መሄድ ደግሞ የሚቻል ነገር አይደለም።

ሳባ በበኩሏ ገና ከሩቅ ፊቱን አየችው። ደብዳቤዋ «ከመጣህ እየሳቅህ ና» ይላል እኮ! ሰውየው ግን ዝናብ እንዳዘለ ደመና ሆኖ መጣ።

«ደህና አደርክ?»

«ደህና። ውጪ።»

ወጣች። ወገቡን ልትይዝ እጇን ዘረጋችና መልሳ የኮርቻውን ብረት ያዘች። አንብቦታል፣ አልወደደውም፣ ለይሉኝታ ነው የመጣው አለች በልቧ። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች በአንዲት ኮርቻ ላይ ተቀምጠው የዚያን ዕለት ያህል ተራርቀው አያውቁም።

አስፋልቱ አልቆ ድንጋዩና ዳገቱ ሲጀምር እንኳ አልተነጋገሩም። ከበታቻቸው የቆላው ሐይቅ በረፋዱ ፀሐይ ተዘርግቷል፤ ሌላ ቀን ቢሆን «እየው! እየው!» ብላ ጀርባውን ትደበድበው ነበር። ሙዝ የተሸከሙ ሴቶች መንገድ ለቀቁላቸው፤ አንዷ «ሙሽሮች ናቸው» ብላ ስትስቅ ሁለቱም ሰምተው ሁለቱም እንዳልሰሙ ሆኑ። ሳባ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ከአንድ ጠመዝማዛ በላይ የኋላ ጎማዋ ተነፈሰች። እንድሪያስ ወረደና አየ። ከኮርቻው ሥር ሁልጊዜ በሚቀመጠው ቁልፍ ቸርኬውን ፈታ፣ ቦርሳውን አምጥቶ አጠገቡ ጣለውና እዚያው ቆመ። ሊከፍተው አልፈለገም።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለች ሳባ።

«ምንም።» ከዚያ ግን አልቻለም። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እውነቱን ንገሪኝ። ካፈርሽበት ለምን ጎትተሽ አመጣሽኝ?»

«በምን አፈርኩ?»

«በአባቴ! የአባቴን ብረት አውጥተሽ የሱቅ ከተትሽበት። አባትሽ ምልክቱን እንዳያዩ ነዋ! ንገሪኝ፣ እኔኮ አልጣላሽም። ግን እሱ ያን ብረት ሲቀጠቅጥ እሳቱን የማናፋለት እኔ ነበርኩ። እሱን ትተሽ እኔን ብቻ ልትወስጂኝ አትችይም።»

ሳባ ቦርሳውን አየች። «አላነበብከውም?»

«ምኑን?»

«ቦርሳውን አልከፈትከውም? እንድርዬ፣ ከትናንት ጀምሮ አልከፈትከውም?»

«ለምን እከፍተዋለሁ? አነሳሁት፣ ቀለለኝ፣ አወቅኩ።»

ከዚያ ሳባ መንገዱ ዳር ቁጭ አለች። መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎት ደነገጠ። እየሳቀች ነበር። እንባዋ እየወረደ፣ ነጭ ቀሚሷ አቧራ እየጠጣ፣ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። «አነሳኸው! አነሳኸውና አወቅክ! አቤት መካኒክ! እባክህ ክፈተው። እባክህ አሁን ክፈተው።»

ከፈተው። ከመፈልቀቂያዎቹ ጋር የታጠፈች ወረቀት ነበረች።

«እንድሪያስ፣ ቦርሳህን ስትፈትሽ ይኼን ታገኛለህ። የአባትህን ብረቶች ዛሬ ወደ ገረሴ በሚወጣው አውቶቡስ ለአባቴ ልኬያቸዋለሁ። ‹ነገ የሚመጣው ሰው የእነዚህ ብረቶች ሠሪ ልጅ ነው። ሠሪውን ታውቀዋለህ። እኔም አውቄ ነው የወደድኩት› ብዬ ጽፌለታለሁ። በአፌ ልነግረው ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስት ጊዜ የጥጃዋን ጤና ጠየቅኩት። አንተ ግን አባትህን በቦርሳ ደብቀህ ደጃችን እንድትገባ አልፈልግም። ሳልጠይቅህ አደረግኩት፤ ጥፋቴ ነው። ካስቀየምኩህ ነገ አትምጣ፣ አልፈርድብህም። ከመጣህ ግን እየሳቅህ ና። አባቴ በሩን ቢዘጋብን እንኳ አብሬህ እንደምመለስ ፊትህን አይቼ ልወቅ። ሳባ።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። ወረቀቱን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተው።

«እኔ ነኝ ያፈርኩት» አለ በመጨረሻ። «አንቺ አይደለሽም። ሲቀላ ከገባሁ ጀምሮ ‹የማን ልጅ ነህ?› ሲሉኝ ‹ከደጋ ነኝ› እያልኩ ነው የኖርኩት። አባቴ በሕይወት ያለ ሰው ነው፤ እኔ ግን ስሙን የምጠራው ሰነድ ላይ ብቻ ነው። ይኼን ሁሉ ዓመት የደበቅኩትን አንቺ በአውቶቡስ ላክሽው!»

«ተቀየምከኝ?»

«ሳባ፣ እንኳን ልቀየምሽ…» ቅባት የነካው እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ፊቷን ያዘ። ግንባሯን ሳማት፤ ግንባሯ ላይ ጥቁር የጣት አሻራ ቀረ። ሳባ ሊጠርግላት ሲል እጁን ያዘችው። «ተወው፤ ይታይ» አለች።

ጎማው ግን ፍቅር አያውቅም። ከሱቆቹ መፈልቀቂያዎች አንዱ ገና በመጀመሪያው ግፊት ጎበጠ። በሌላውና ጠርዙ ላይ በቆመችው በሳባ ጫማ ኃይል እንደ ምንም ፈለቀቁት። የተበሳውን ከመነዳሪ ለጥፈው ሲነፉ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ሁለቱም ላብ በላብ ሆነው ነበር፤ ሳባ ደግሞ ደስታዋ ቀዝቅዞ ወደ ላይ ወደ ዳገቱ ታያለች። አባቷ ከትናንት ጀምሮ ያውቃል። ግን ስልክ አልደወለም።

«ቢዘጋብንስ?» አለች።

«አብረን ነው የምንመለሰው። ጽፈሽ ሰጥተሽኛል» አለ፣ ወረቀቱን በደረት ኪሱ ላይ መታ መታ አድርጎ። በዚህ ጊዜ ወገቡን ያዘችው፤ እስከ ገረሴም አለቀቀችውም።

ከአቶ ካሱ ደጅ ሲደርሱ በሩ ክፍት ነበር። እናቷ ወይዘሮ አሰፋሽ ብቻቸውን ወጡ፤ ልጃቸውን አቅፈው ሳሙ፣ እንድሪያስንም ጨበጡት፣ ግን ዓይናቸው አያርፍም።

«አባትሽ የለም። ከነጋ ነው የሄደው። ብረቶቹን በጋቢው ጠቅልሎ ‹ልመልስ ነው› ብሎ ወጣ። ወዴት ስለው ‹ወደ ባለቤቱ› አለኝ። ተቆጥቶ ይሁን ምን ይሁን አላወቅኩም ልጄ፤ ፊቱን አላሳየኝም።»

የተላከ ዕቃ ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ይገባዋል። እንድሪያስ ግን ስለ ራሱ አላሰበም። አባቱን ነው ያሰበው፤ እሁድ ረፍት አድርገው ደጃቸው ላይ የተቀመጡትን፣ አንድ ትልቅ ሰው መጥቶ ብረታቸውን እግራቸው ሥር ሲጥልባቸው። «ቶሎ ውጪ» አላት ለሳባ፤ ሞተሩንም አስነሳ።

የአቶ ኦይታ ቤት ከመንገዱ በታች ነው። ሞተሩን አቁመው ሲወርዱ እናቱን ወይዘሮ አገኘሽን በሩ ላይ ቆመው አዩዋቸው። አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘዋል። እንድሪያስ ሮጦ ደረሰ።

«ምን አደረጉት?»

ወይዘሮ አገኘሽ ከአፋቸው መዳፋቸውን አላነሱም። በዓይናቸው ብቻ ወደ ውስጥ አመለከቱት።

ሁለት ሽማግሌዎች በአጫጭር መቀመጫ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። በመሀላቸው አንድ ሳህን ቆጮና ጎመን፣ ዳር ላይ ዳጣ። አቶ ካሱ ይበላሉ። ከአቶ ኦይታ ጋር በአንድ ሳህን፣ በቀጥቃጭ ቤት፣ በሩ ወለል ብሎ ክፍት እንደሆነ፣ መንገደኛ ሁሉ እያየ ይበላሉ። ዳጣው አቃጥሏቸው ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ዘገያችሁ» አሉ ቀና ብለው። «ሞተር ይዛችሁ እኔ በእግሬ ቀደምኳችሁ?» (ይህን ያሉት በጋሞኛ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚባለውም ሁሉ በጋሞኛ ነው፤ የአማርኛው ጉድለት የእኔ ነው።) ከዚያ ሳባ ግንባር ላይ ያለውን ጥቁር ጣት አዩ፣ የእንድሪያስንም እጅ አዩ።

እጃቸውን ታጠቡና ተነሱ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። አቶ ካሱ ለስንቱ ሰው ሽማግሌ ሆነው በስንት ቤት እንዲህ ቆመዋል። ዛሬ ግን የቆሙት ለገዛ ልጃቸው ነው።

«ወንድሜ ኦይታ። ከልጄ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ተቆጥቼ ነበር። አልዋሽህም። ከዚያ ብረቱን አገላብጬ ምልክትህን አየሁ። ያን ምልክት አውቀዋለሁ፤ ቤቴ ያለው መቆፈሪያ ሁሉ ላይ አለ። ሠላሳ ዓመት የበላሁት እህል አንተ በሠራኸው ብረት ተቆፍሮ የወጣ ነው። አንተ ቤት ግን እስከ ዛሬ አንድ ጉርሻ አልጎረስኩም። ልጄ ሳትፈራ የጻፈችውን እኔ ሸምግዬ ልፈራው ነው? ብረቱን ልመልስ ብዬ ወጣሁ፤ የመጣሁት ግን ለሌላ ነው። ደንቡ አንተ ወደ እኔ እንድትልክ ነበር። እንደማትልክ አውቃለሁ፤ እንዳትልክ ያደረግንህ እኛ ነን። ስለዚህ እኔው መጣሁ። ልጅህን ለልጄ ስጠኝ።»

ሳባ የእንድሪያስን ክንድ ጨምቃ ይዛለች፤ ምስማር የመሰለ ጥፍሯ ገብቶበት አልተሰማውም።

ወደ አቶ ኦይታ በር ሰው ማረሻ ሊያስል፣ መጥረቢያ ሊያሠራ፣ ማጭድ ሊያስጠግን ይመጣል። ዝምድና የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ሚስታቸውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ጀርባቸውን አቀኑ፤ ሁልጊዜ መሬት መሬት የሚያዩ ሰው አገጫቸውን ቀና አደረጉ።

«ሰምቻለሁ» አሉ። «አክብረኸኝ መጣህ፣ እግዜር ያክብርህ። ነገር ግን ይኼ ለብቻዬ የምቆርጠው ጉዳይ አይደለም። ወንድሞች አሉኝ፣ ላማክራቸው። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለስ።»

«አባባ!» አለ እንድሪያስ። ሳባም «ሁለት ሳምንት?» ልትል አፏን ከፈተች።

አቶ ካሱ እጃቸውን አንስተው ሁለቱንም ዝም አሰኟቸው። ፊታቸው በርቶ ነበር። ደጁ የተከበረ አባት ሁሉ ሽማግሌ ሲመጣበት የሚመልሰው መልስ ይኸው ነው፤ እሳቸውም ቢሆኑ ከዚህ አንዲት ቃል አያጎድሉም ነበር።

«ደንብ ነው» አሉ ዝቅ ብለው እጅ እየነሱ። «እመለሳለሁ፤ ሁለት ሰው ጨምሬ እመለሳለሁ።»

ሳባ እንድሪያስን አየችው። ሁለት ሳምንት ለእነሱ ሁለት ዓመት ነው፤ ትናንት ቢሆን አይችሉትም ነበር። እንድሪያስ ግን አባቱን ነበር የሚያየው፤ መልሳቸው እየተጠበቀ፣ እንግዳቸው በአክብሮት ቆሞ፣ ቀና ብለው የተቀመጡትን አባቱን። ከዚያች ሁለት ሳምንት አንዲት ቀን እንኳ ሊያሳጥርባቸው አልፈለገም።